ቦሎ ተለጥፏል፤ ጎማውስ?

በቦንጋ መንገድ መኪና ሲገለበጥ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ዝናብ ነው። ካልሆነ ጭጋጉ፣ ካልሆነ ጠመዝማዛው። ጎንበስ ብሎ ጎማውን የሚያይ የለም።

ዝናብ ለካፋ እንግዳ አይደለም። ደኑንም ቡናውንም ያቆየው እሱ ነው። ከጅማ ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ጊምቦ የሚወጣ፣ ከቦንጋ ወደ ውሽውሽ የሚሄድ ሹፌር እርጥብ መንገድ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ታውቆ ያደረ ነገር ሰበብ አይሆንም።

«ጎማ ተወደደ» የሚለው እውነት ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ንሯል። በዚያው ዓመት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለ አሮጌው መኪና ገና ብዙ ይሠራል። ግን መኪና ሲያረጅ ፍሬኑም ሞላውም ይደክማል፤ ያኔ ነው ደህና ጎማ የሚያስፈልገው።

ባለመኪናዎች የሚያደርጉት ግን ሌላ ነው። ለምርመራ ቀን ጎማ ተውሶ ቦሎ መለጠፍ፣ በማግስቱ ያለቀውን መልሶ መግጠም። ያለቀውን ቀርጾ ጥርስ ያለው ማስመሰል። ሲቀረጽ የሚነሳው ሽቦውን የሸፈነው የመጨረሻው ላስቲክ ነው። ጥርስ ለጌጥ አልተሠራም፤ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ነው። ቦዩ ሲጠፋ ጎማው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ያኔ መሪም ፍሬንም አይሰማም። ቁመቱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ በብዙ አገር ሕግ ጎማው አልቋል።

ሰልባጁም ያታልላል። ጥርሱ ሙሉ፣ ላስቲኩ ግን የደረቀ ሊሆን ይችላል። ጎኑ ላይ «ዶት» በሚለው መስመር መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 2314 ማለት በ2014 23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፤ ያውም በአውሮፓ አቆጣጠር። በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ጎማውን ሰባት ስምንት ዓመት ወጣት አድርጎ ይገዛል። ብዙ አምራቾች 10 ዓመት የሞላውን፣ ጥርስ ቢኖረውም፣ ቀይሩ ይላሉ።

ገንዘቡ ለሁለት ብቻ ከበቃ አዲሶቹ ከኋላ ይገጠሙ። ፊት መግጠም ልማድ ነው፤ ግን በእርጥብ መንገድ ኋላው ከሸሸ መኪናው ይዞራል። ንፋስም ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ፣ በሹፌሩ በር ጠርዝ በተጻፈው ልክ ይሞላ። በዓይን ግምትና በእግር ርግጫ ንፋስ አይለካም።

ይህ ሁሉ ቀረና አደጋ ሲደርስ የሚታሰረው ሹፌሩ ነው። ጎማ አልገዛም ብሎ «በዚሁ ትንሽ ሥራበት» ያለው ባለመኪና ቤቱ ያድራል። እሱም ይጠየቅ። መናኸሪያው ሰው ሲቆጥር ጎማም ይመልከት። ተሳፋሪም ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ይይ፤ ጥርስ ከሌለው አይሳፈር።

ነፍስ ይማር ከማለት በፊት ጎማ ማየት ይቀላል።