በእጅ የተሠራ ሽጉጥ ሊመዘገብ ይችላልን?

በወላይታ ማረሻ፣ ማጭድና ጦር ቀጥቅጠው የሚያወጡት «ወጋቼ» በመባል የሚታወቁት የብረት ባለሙያዎች ናቸው። ማኅበረሰቡ ያለ እነርሱ ማረስ ሳይችል ለረጅም ዘመን ዝቅ አድርጎ ሲያያቸው መኖሩ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው። የዛሬው ጥያቄ ግን ይህን መሰል የሠለጠነ እጅ የጥንት ሽጉጥ አስመስሎ ቢሠራ፣ ሥራውን ወስዶ በሕግ ማስመዝገብ ይችላል ወይ የሚለው ነው።

መልሱ ከአተኳኮሱ ይጀምራል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ባሩድ የማይቀበል ቅርጽ ጌጥ ነው። በባሩድ ኃይል ጥይት የሚያስወነጭፍ ከሆነ ግን መልኩ የቱንም ያህል ያረጀ ቢመስል የጦር መሣሪያ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 481 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራትን ከማስገባትና ከመሸጥ ጋር አብሮ ይጠቅሳል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም የተመሠረተው በፈቃድ ላይ ነው። ስለዚህ «ልሥራና በኋላ አስመዘግባለሁ» የሚለው ሐሳብ ቅደም ተከተሉን ያፋልሳል፤ ጥፋቱ የሚፈጸመው ገና በወናፉ ዘንድ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት መለያ ቁጥር ነው። በ1996 ዓ.ም. የተፈረመው የናይሮቢ ፕሮቶኮል እያንዳንዱ መሣሪያ ሲመረት የአምራቹ ስም፣ የተሠራበት ቦታና ተከታታይ ቁጥር እንዲቀረጽበት ያዛል። ጓዳ ውስጥ የተሠራ ሽጉጥ ከእነዚህ አንዱም የለውም። ወንጀል ቢፈጸምበት መርማሪው ከማን እጅ ወደ ማን እንደተላለፈ የሚከታተልበት ክር ያጣል።

በሌሎች ሀገሮች ዕድሜ ዋጋ አለው። አሜሪካ በፌዴራል ሕጓ እስከ 1898 እ.ኤ.አ. የተሠሩትን፣ ከቅጂዎቻቸውም የተወሰኑትን ከተለመደው ቁጥጥር ታወጣለች። ይህን ያነበበ ወጣት እዚህም እንደዚያው ይመስለው ይሆናል፤ የባሕር ማዶ ሕግ ግን ሶዶ ላይ አይሠራም።

ከአያት የወረደ ጠመንጃ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። ወላይታ በ1887 ዓ.ም. በንጉሥ ጦና ዘመን ጦርና ጋሻ ይዛ የገጠመችው ከባሕር ማዶ የመጣ ጠመንጃ የታጠቀ ሠራዊት ነበር። ከዚያ ወዲህ ውጅግራው (ስሙ የመጣው ግራ ከተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው) እና ምንሽሩ በሀገሪቱ ብዙ ቤት ገብተዋል። እነዚህ ፋብሪካና ቁጥር አላቸው፤ ታሪክም ናቸው። በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ባለቤቱ ሳይፈራ የሚያስመረምርበት መንገድ እስከ ወረዳ ድረስ ሊቀርብለት ይገባል፤ መሣሪያውን ተሸክሞ ከመውጣቱም በፊት ባዶ እጁን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እንዴት እንደሚያቀርበው ቢጠይቅ ይሻለዋል።