መጋዘኗ ለጠማቂዎቹ ልጆች ትሰጥ ወይስ አትሰጥ?



እንደሚታወቀው ከማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ጀርባ ያለችው መጋዘን ከተሰባበሩ ወንበሮችና ከአሮጌ ድንኳን በቀር ምንም ሳይገባባት ከሁለት ዓመት በላይ ተቀምጣለች። ባለፈው ወር አራት የሰፈራችን ልጆች፣ ይኸውም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው የተማሩ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ጓደኛሞች፣ መጋዘኗን ተከራይተው አነስተኛ የቢራ መጥመቂያ ሊሞክሩባት ማመልከቻ አስገብተዋል። ማመልከቻው እዚሁ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ በውሃ ወረፋም ሆነ በዕድር ስብሰባ ሌላ ወሬ የለም። አንዱ «ይበል፣ ይበረቱ» ይላል፤ ሌላው «ደግሞ መጠጥ ቤት ልትከፍቱብን ነው?» ይላል። ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት እኛም የሚመስለንን ብንናገር አይከፋም።

በመጀመሪያ የፍንዳታውን ነገር እናንሣ፤ ሁሉም የሚጠይቀን እሱን ነውና። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ከልጆቹ በአንደኛው ቤት ጓዳ ውስጥ አሥራ አንድ ጠርሙስ ተራ በተራ ፈንድቶ ጎረቤቱ ሁሉ ተኩስ መስሎት ተነሥቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። መጠጡ ፈልቶ ሳይጨርስ ጠርሙስ ውስጥ ተከደነ፤ በውስጡ የቀረው ስኳር የሚፈጥረው ጋዝ መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱን ሰነጠቀው። ልጆቹ በማግስቱ ከቤት ቤት እየዞሩ ይቅርታ ጠይቀዋል። ሰው አልተጎዳም። «ሰው በጓዳው ውስጥ ቢኖርስ ኖሮ?» የሚሉ ጎረቤቶች ግን እውነት አላቸው። አሁን ስኳሩን በሚዛን እየለኩ ለአንድ ሊትር ከስድስት እስከ ሰባት ግራም ብቻ ይጨምራሉ። ከየጠመቃውም አንዱን በላስቲክ ጠርሙስ ይሞላሉ፤ ላስቲኩ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ጋዙ መብዛቱን ያውቃሉ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጠመቃቸው ደግሞ ኮምጥጦ ሜዳ ላይ ተደፍቷል። ጀሪካኑ በደንብ አልታጠበም ነበር። ይህንን የሰሙ አንዲት ጠላ ጠማቂ እናት «ልጆቼ፣ ዕቃችሁን አላጠናችሁትማ!» ብለው ሳቁባቸው። በግራዋ የታሸ፣ በወይራ ጭስ የታጠነ ጋን ለምን ጠላ እንደማያበላሽ እኒህ እናት ትምህርት ቤት ሳይገቡ ያውቁታል። ሦስተኛውን ጠመቃ እሳቸው ቆመው አሠሩት፤ በፈረንጅ ጌሾ ፈንታም የራሳችን ጌሾ ገባበት። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ቀምሶታል። ምሬቱ ትንሽ በዝቷል እንጂ ደኅና ነው።

ዋናው ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። በሰፈራችን ጠላ ጠምቀው ልጅ ያስተማሩ እናቶች አሉ። በአገራችን የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ፣ ጊዮርጊስ ቢራ፣ በ1922 በፈረንጆች አቆጣጠር ሲቋቋም ጠላ ከመጠመቅ እጅግ ብዙ ዘመን ያለፈው ነበር። ገብስ ነክሮ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ማብቀል፣ አድርቆ መፍጨት ለእነዚህ እናቶች የዘወትር ሥራ ነው፤ የቢራም ብቅል ነገሩ ያው ነው። ታዲያ ልጆቹ ሙያውን ከእናቶች ተምረው፣ ጠርሙስ ላይ ስም ለጥፈው፣ የእናቶቹን ደንበኛ ቢወስዱ ምን ይባላል? ስለዚህ በበኩላችን ብቅሉንና ጌሾውን ከሰፈሩ ጠማቂዎች በገበያ ዋጋ እንዲገዙ፣ ላስተማሯቸውም ቀን ቆጥረው እንዲከፍሉ በውሉ ይጻፍ እንላለን። «እንረዳዳለን» የምትል ቃል ብቻ አትበቃም።

ልጆቹ በማመልከቻቸው የአሜሪካኖቹን ኬን ግሮስማንንና ፖል ካሙሲን ጠቅሰዋል። እነዚህ ሁለት ሰዎች በ1980 በካሊፎርኒያ፣ ቺኮ በምትባል ከተማ፣ አሮጌ የወተት ማቀነባበሪያ ዕቃ ለቃቅመው ሴራ ኔቫዳ የተባለውን መጥመቂያ አቋቋሙ፤ ጣዕሙ አንድ ዓይነት እስኪሆንላቸውም አሥር ያህል ጠመቃ ደፍተዋል። ጥሩ ምሳሌ ነው። ልጆቹ ያልጻፉትን ግን እኛ እንጨምርላቸው፦ በ1998 ግሮስማን የባልደረባውን ድርሻ ገዝቶ ተለያይተዋል። ከነሱም ቀደም ብሎ በ1976 ጃክ ማኮሊፍ የጀመረው ኒው አልቢየን የተባለ መጥመቂያ ስሙ ገንኖ ሳለ፣ ማነሱ ወጪውን አላስችለው ብሎ በ1982 ተዘግቷል። አራቱ ጓደኛሞች የዕቁብ ገንዘባቸውን አንድ ላይ አድርገዋል። ማን ምን ያህል እንዳዋጣ፣ አንዱ ልውጣ ቢል ምን እንደሚደርሰው ዛሬ፣ ገና ሳይቀያየሙ፣ ይጻፉት። ወንድማማቾችም በርስት ፍርድ ቤት ይሄዳሉ።

ሌላው የውሃው ጉዳይ ነው። ለአንድ ሊትር ቢራ፣ ማጠቢያው ተጨምሮ፣ አምስት ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ ይፈልጋል። በፈረቃ ውሃ የሚጠብቅ ሰፈር ከጋራው ቧንቧ ይህን ሊሰጥ አይችልም። የራሳቸውን በርሜል ይሙሉ። አተላውን በግ የሚያደልቡት ጎረቤታችን እወስዳለሁ ብለዋል፤ እጣቢው ግን ወደ ክፍቱ ቦይ መለቀቅ የለበትም።

መጋዘኗ የተሠራችው ጠጪውም የማይጠጣውም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባዋጣው ገንዘብ ነው። ይህ ሊዘነጋ አይገባም። ስለሆነም በግቢው ውስጥ መጥመቅ እንጂ መጠጣት አይኖርም፤ ኪራዩም ለቦዩ መክደኛ ይዋል። ፈቃድ ሳያወጡ አንድ ጠርሙስ እንዳይሸጡ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን እንደሚከለክል ደግሞ እነሱም እኛም እንወቅ።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ አሳባችን መጋዘኗ ለስድስት ወር ለሙከራ ትሰጣቸው ነው። አራት ወጣቶች ሥራ አጣን ብለው ግድግዳ ተደግፈው ከሚውሉ ቢያበላሹም ሞክረው ያበላሹ። ካልሆነ ቁልፉን እንቀበላለን፤ ወንበሮቹም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ስብሰባው የፊታችን እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በማኅበሩ ግቢ ነው። በተለይ ጠላ የሚጠምቁ እናቶች እንዳይቀሩብን። ልጆቹ ከሦስተኛው ጠመቃ ለቅምሻ ያህል ይዘን ከግቢው ውጭ እንጠብቃለን ብለዋል፤ ለማይጠጣም ብርዝና ቡና ተዘጋጅቷል።