ድጎማው የአከራይ ቆጣሪ ላይ ቀርቷል

ቢቸናም ሂዱ ሞጣ፣ የመብራት ክፍያ በመጣ ቁጥር በየግቢው አንድ ዓይነት ጭቅጭቅ ትሰማላችሁ። አንድ ቆጣሪ፣ አራት ተከራይ። «እኔ ያለኝ ሁለት አምፖል ነው!» «ምጣድ የምትጥደው እሷ ናት!» አከራይ በአምፖል ወይም በቤተሰብ ቁጥር ያካፍላል፤ ተከራይ እያጉረመረመ ይከፍላል። ሁሉም ጎረቤቱን ይጠረጥራል።

ጥፋተኛው ግን ግቢው ውስጥ የለም። ጥፋተኛው ማንም ቁጭ ብሎ ያላስረዳቸው ስሌት ነው።

ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይነካ የቆየው ታሪፍ በ2011 ተሻሽሎ ለአራት ዓመት በደረጃ ጨመረ። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ የሚጨምር ሌላ የአራት ዓመት ማሻሻያ መጣ። በሁለቱም ጊዜ «ትንሽ የሚጠቀመው ይደጎማል» ተባልን። ሐሳቡ መልካም ነው። የመኖሪያ ቤት ዋጋ በእርከን የተከፈለ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ዝቅተኛው፣ ከዚያ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ ይወጣል።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የ2011ዱ ማሻሻያ በአራተኛ ዓመቱ ላይ የመጀመሪያው እርከን በኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ግድም (0.273 ብር)፣ ሁለተኛው 0.767፣ ሦስተኛው 1.625 ብር ነበር። ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ዋጋው ዛሬ ከዚህ ከፍ ብሏል፤ እርከኑ ግን አልተነሳም።

በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው፣ የአገልግሎት ክፍያውን ሳንቆጥር፣ በዚያ ዋጋ 12 ብር ከ29 ሳንቲም ይከፍል ነበር። አራት እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች አንድ ቆጣሪ ሲጋሩ ግን ቆጣሪው የሚያየው 180 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ አንድ «ባለጸጋ» ነው። በትንሹ ሲሰላ 182 ብር። ለእያንዳንዱ ከ45 ብር በላይ!

ማን ተደጎመ? ሰፊ ቤት ውስጥ ከባለቤቱ ጋር ብቻውን የሚኖረው። ማን ተቀጣ? በአንዲት ክፍል አራት ልጅ የምታሳድገው ተከራይ። ለድሃ የታሰበው ድጎማ ድሃውን አልፎት ሄደ፤ እሷም የምትጣላው ከጎረቤቷ ጋር ነው።

ምጣዱም ቢሆን እንቆቅልሽ መሆን አልነበረበትም። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግሩ በወር 42 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የመጀመሪያውን እርከን ብቻውን ሊሞላው ምንም አልቀረው። ባለ 10 ዋት አምፖል በየማታው አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 1.5 ብቻ። በአምፖል ቁጥር የሚያካፍል አከራይ እንግዲህ ምን ያህል እንደሚስት ፍረዱ።

«የእኛ አገር መብራት ርካሽ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም በኪሳራ መሸጥ አይችልም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ታሪፋችን በአፍሪካ ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው። ዋጋ አይጨመር አላልኩም። ግን ገበያ ላይ ጤፍ ስንገዛ የኪሎውን ዋጋ ሳንጠይቅ ብር እናወጣለን? አናወጣም። ታዲያ መብራት ላይ ለምን በጨለማ እንከፍላለን? ከደመወዙ ቆርጦ ለግድቡ ቦንድ የገዛ የጎጃም መምህር ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ደስ ብሎታል፤ ከዚያ የሚመጣው መብራት ምን እንደሚያስከፍለው በቋንቋው ሊነገረው ይገባል።

ስለዚህ ጥያቄው ሦስት ነው። አንደኛ፣ በአንድ ቆጣሪ ስንት ቤተሰብ እንዳለ በቀበሌ ይመዝገብ፤ እርከኑም በቤተሰብ ቁጥር ይባዛ። ሁለተኛ፣ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደተጠቀምን፣ የትኛው እርከን ላይ እንደሆንንና ቀጣዩ ስንት እንደቀረው በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ በግልጽ አማርኛ ይጻፍልን። ሦስተኛ፣ መንገድ ተዘግቶ ቆጣሪ ሳይነበብ የቆየበት ጊዜ እንደ አንድ ወር ተደምሮ ሰውን ወደ ላይኛው እርከን እንዳይገፋ፣ በየወሩ ተከፋፍሎ ይሰላ።

እስከዚያው አንድ ነገር በእጃችን አለ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን የቆጣሪውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ያለፈውን ወር ቀንሱ። ውጤቱን ለግቢው ሰው ሁሉ አሳዩ። ጎረቤታችሁን ከመክሰሳችሁ በፊት።