ቀያሹ በሐምሌ ይምጣ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው ኮሶዬ ሲደርስ መኪናውን አስቁሞ ገደሉን ሳያይ አያልፍም። ከእግሩ ሥር ተራራው እየተቆረጠ እስከ ቆላው ድረስ ይወርዳል፤ ነፋሱም ደስ ይላል። ብዙ ሰውም «እዚህች ጫፍ ላይ አንድ ቤት ቢኖረኝ» እያለ ይመኛል። ምኞቱ አያስነቅፍም። ነገር ግን እዚያች ጫፍ ላይ የሚሠራው ቤት የጣሪያውን ውሃ ወዴት እንደሚጥለው አስቀድሞ ያሰበ ተመኚ እስካሁን አላጋጠመንም። ከገደሉ በታች ሰው ይኖራል፤ ከላይ ሆኖ ለሚመለከት ግን አይታይም።

ይህን ያነሣነው ስለ ኮሶዬ ብቻ ለማውራት አይደለም። ከኮሶዬ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ በሚደርሰው መንገድ ዳር ያሉት ከተሞች እየሰፉ ናቸው። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ሆናለች፤ ዩኒቨርሲቲም ተከፍቶባታል። በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የግጭ መንደር 418 አባወራዎች ተነሥተው በከተማዋ ዳር እንዲሰፍሩ ተደረገ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ወጣ፤ ዋሊያው እፎይ አለ፤ ዓለምም አጨበጨበ። ግጮች ግን ዘመናቸውን በተዳፋት ላይ የኖሩ ሰዎች ናቸውና ጎርፍ በየት እንደሚሄድ ከመሐንዲስ ባላነሰ ያውቃሉ። ለመሆኑ አዲሱ ሰፈራቸው ሲሸነሸን ይህን ዕውቀታቸውን የጠየቃቸው ነበርን? በዳባት አጠገብ በአለምዋጭ ለኤርትራ ስደተኞች በ2013 ዓ.ም. ስለ ተከፈተው መጠለያም ይኸው ጥያቄ ይነሣል። ነገ በየከተማው ዳር ለቤት ማኅበራት ስለሚታደለው ቦታም እንደዚሁ።

እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። ጣሪያው 100 ካሬ ሜትር የሆነ አንድ የቆርቆሮ ቤት እንውሰድ። አንድ ብርቱ የክረምት ዝናብ በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል ከዚያ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ 3,000 ሊትር ነው፤ ይኸውም ባለ 200 ሊትሩን በርሜል 15 ጊዜ ይሞላል። እንዲህ ያሉ 400 ቤቶች በአንድ ተዳፋት ላይ ቢሠሩ 6,000 በርሜል ይሆናል። ግቢውና ኮብልስቶን የተነጠፈበት መንገድ ገና አልተቆጠረም። መሬቱ እርሻ በነበረ ጊዜ ከዚህ ውሃ ከፊሉን አፈሩ ይጠጣው፣ ከፊሉንም ሰብሉ ያዘገየው ነበር። ቆርቆሮ ግን አይጠጣም፤ አያዘገይምም። ያ ሁሉ ውሃ በአንድ ጊዜ ከታች ይደርሳል።

ገበሬው ይህን ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። በክረምት የደጋውን እርሻ ያየ ሰው በማሳው ላይ በሰያፍ የተቀደዱትን ቦዮች ሳያስተውል አይቀርም። ፈሰስ ይባላሉ፤ የሚወጡትም በዚያው በበሬና በማረሻ ነው። ፈሰስ እንዲሁ በዘፈቀደ አይወጣም። በየት ይለፍ፣ በማን ማሳ ጠርዝ ይውረድ፣ የት ይጣል የሚለው ነገር ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላ፣ ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ጉዳይ ነው። ከላይ ያለው ሰው ውሃውን እንደ ፈቀደ በታችኛው ሰው ማሳ ላይ ቢለቅ በቀበሌው ሰው ፊት ይወቀሳል። እንግዲህ ያ መሬት ለከተማ ተወስዶ በተሸነሸነ ጊዜ ይህ ሁሉ ስምምነት ምን ይሆናል? በካርታው ላይ አይጻፍም። የፈሰሱ መስመር በመሠረት ቁፋሮ ይቆረጣል፤ ውሃውም ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ያገኘው መንገድ የአንዲት ባልቴት ማሳ ከሆነ በመጀመሪያው ክረምት ትንሽ ስንጥቅ፣ በሦስተኛው በሬ የማይሻገረው ቦረቦር ይሆናል።

መንገዱም ቢሆን ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ሊማሊሞን ቆርጦ ሲያልፍ ቦይና የድንጋይ ግንብ ያበጀው ለእኛ አዝኖ ሳይሆን መንገዱ እንዳይናድበት ነበር። የዛሬውም የመንገድ ቱቦ መንገዱን ያድናል፤ ከቱቦው አፍ በታች ያለውን ማሳ ግን የሚያድን ነገር ካልተሠራለት ያርደዋል።

ስለ ሕጉ ጥቂት እንበል። መሬቱ ለልማት የሚወሰድበት ገበሬ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ካሣ የሚጠይቅበት በር አለው፤ ካሣው ይበቃል አይበቃም የሚለውን ለሌላ ጊዜ እንተወው። ከእርሱ በታች ያለውና መሬቱን ጎርፍ ቀስ በቀስ የወሰደበት ጎረቤቱ ግን ወደ የትኛው ቢሮ ይሂድ? የእርሱን መሬት የለካ ኮሚቴ የለም፤ የወሰደውም ሰው አይደለም፤ ውሃ ነው። ሆኖም ያ ውሃ የተላከው በሰው ፕላን ነውና «የእግዜር ሥራ ነው» ብሎ ማሰናበት ተገቢ አይመስለንም።

የነገሩ ዋና ምክንያት ግን ከሕጉ ይልቅ በወሩ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ቀያሹ የሚመጣው በበጋ ነው። በጥር መሬቱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥሩ፣ መኪናው የማይሰምጥበት ነው። ዋልካ አፈር ባለበት ሜዳ ላይ በጥር ብትቆም መሬቱ ተሰነጣጥቆ እግር የሚውጥ ሆኖ ታገኘዋለህ፤ «ይህ መሬት ምን ያህል ውሃ ይጠጣል!» ትላለህ። ያው አፈር በሐምሌ አብጦ ስንጥቁን ይዘጋና አንዲት ጠብታ አላስገባም ይላል። በጥር ለጥ ያለ የቤት ቦታ መስሎ የታየው ረባዳ በሐምሌ ዳክዬ የሚዋኝበት ነው። እንግዲህ በጥር የተተከለ ችካል ውሃን ሳያውቅ የተተከለ ችካል ነው። ስለዚህም የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ሽንሸናው ከመጽደቁ በፊት ቀያሹ በሐምሌ አንድ ጊዜ ይምጣ፤ መሬቱን ሲያርስ የኖረው ሰው አብሮት ይቁም፤ የውሃው መውረጃ ከነዳርቻው መጀመሪያ በካርታው ላይ ይሰመር፤ የቤቱ ቦታ ከዚያ ወዲያ ከሚተርፈው ይታደል።

«ሕዝቡ ቤት አጥቶ እያለ ስለ ቦይ ታወራላችሁ፤ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» የሚሉን አሉ። ገንዘብ የሚያስፈልገው በድንጋይ ለመገንባት ነው፤ ቦታውን ባዶ አድርጎ ለመተው ግን ከቀለምና ከማስመሪያ በቀር ምን ወጪ አለው? ግንቡ ከአምስት ዓመት በኋላም ይደርሳል። ቤት ከተሠራበት በኋላ ግን ቦይ ለማውጣት ቤት ማፍረስ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ የሚያለቅሰውም ያው ቤት አጥቶ የነበረው ሰው ነው።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማለቂያ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን በመታ ጊዜ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። «ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ ከደባርቅ ጋር ምን ያገናኛታል?» ይባል ይሆናል። ልዩነቱ እውነት ነው። ነገር ግን ያን ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከበላይዋ ካለው ከሐረርጌ ደጋ ላይ የመጣ ነበር። እኛ ደግሞ በዚህ በኩል ከላይ ያለነው ደጋ ነን፤ ውሃችን የሚወርድበት ሰው ከኮሶዬ ገደል በታች አለ።

ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ክረምት ሲገባ ወደየወላጆቻችን ቤት እንበተናለን። ከዚህ መንገድ ዳር የመጣን ተማሪዎች በየከተማችን ሁለት ሁለት ሆነን፣ ዝናብ ባባራ ቁጥር ወጥተን ጎርፉ የሄደበትን በችካል ምልክት እናድርግ፤ ስፋቱንም በገመድ እንለካ፤ የአካባቢውን ሽማግሌዎች እየጠየቅን የድሮዎቹን ፈሰሶች በወረቀት እናስፍር። የምሕንድስና ተማሪዎች ንድፉን ቢያስተካክሉልን በጥቅምት ስንመለስ ለየማዘጋጃ ቤቱ አንዳንድ ቅጂ ለማድረስ እንችላለን። ከዳባትና ከአምባ ጊዮርጊስ ሊሠሩ የሚወዱ ስማቸውን ከፈተና በፊት ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጡ፤ ከደባርቅ እስካሁን አራት ሰዎች ተመዝግበዋል።