የወባ ቁጥራችን ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ወደ እኛስ መቼ ይመለሳል?

ጣታችሁን ተወግታችሁ «ወባ ነው» ስትባሉ መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ወደ ቤት ትሄዳላችሁ። በዚያው ቀን ግን አንድ ቁጥር ሆናችሁ ሌላ ጉዞ ትጀምራላችሁ፦ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ወረዳ፣ መቱ ወዳለው ዞን፣ ወደ ክልል፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ያ ቁጥር ለእናንተ ቀበሌ ምን ይዞ ይመለሳል?

ነገሩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳወጣው፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፣ 1,157 ሰው ሞቷል። ትልቁ ድርሻ የኦሮሚያ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኮ የዓመቱ ቁጥር ከ1 ሚሊዮን በታች ወርዶ ነበር።

መረጃው የሚሰበሰብበት ሥርዓት አለ። ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለውን ሶፍትዌር በአገር ደረጃ ሥራ ላይ አዋለ። ሥሩ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ከአፓርታይድ ማብቂያ በኋላ ተጀምሮ በኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አደገ። ዛሬ በብዙ ታዳጊ አገሮች ይሠራበታል። እኛ ጋ በራሳችን የዘመን አቆጣጠር ነው የሚሠራው፤ የሪፖርት ወሩም ከ21 እስከ 20 ነው። መስከረም 21 የታመመ ሰው የሚቆጠረው በጥቅምት ሪፖርት ውስጥ ነው ማለት ነው።

አሁን አስቡት፤ ወባ ወር አይጠብቅም። የወሩን ሪፖርት ብቻ ብንጠብቅ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል። ለዚህም ነው ወባ በየሳምንቱ ጭምር ሪፖርት የሚደረገው።

ሌላም ችግር አለ፦ አማካይ ይሸፍናል። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ። በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ስትወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ነው። ሁለቱን ደምሮ «የኢሉባቦር ቁጥር ደህና ነው» ማለት ይቻላል፤ ቆላው ቀበሌ ግን በዚያው ሳምንት እየነደደ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድነው? የሚገርመው፣ ዋናው መሣሪያ ኮምፒውተር እንኳ አይፈልግም። የአገሪቱ የወባ መመሪያ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ቻርት እንዲኖር ያዛል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ያለፉትን አምስት ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንት ትወስዳላችሁ፣ ሁለተኛው ትልቅ ቁጥር የማንቂያ መስመር ይሆናል። ለምሳሌ ቁጥሮቹ 4፣ 6፣ 7፣ 9 እና 15 ቢሆኑ መስመሩ 9 ነው። በዚህ ሳምንት 10 ሰው ከተገኘ መስመሩ ታለፈ፤ ወረርሽኝ ሊሆን ይችላል። የአምስት ዓመት መረጃ ከሌለ ደግሞ ያለፈው ዓመት ቁጥር በሁለት ይባዛል።

ይህንን የምታየው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዚያው ሳምንት መድኃኒት እንዲጨመር ትጠይቃለች፣ ያቆረው ውሃ እንዲፋሰስ ሕዝቡን ትቀሰቅሳለች። ቁጥር ሕይወት የሚያድነው እዚህ ጋ ነው፤ አዲስ አበባ ስክሪን ላይ ሲያበራ አይደለም።

ቴክኖሎጂው አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ለኤክስቴንሽን ሠራተኞች የመጣው የታብሌት መተግበሪያ ያለ ኔትወርክም ይመዘግባል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. ጎረቤታችን ወለጋ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ሲቋረጥ አይተናል፤ ኮሮና አገር ውስጥ ሲገባም ገና አልተለቀቀም ነበር። በኔትወርክ ብቻ የቆመ የጤና ሥርዓት ኔትወርኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ግን ሁለት ነገር መስተካከል አለበት። አንደኛ፣ በብዙ ቦታ ታብሌቱ መጥቶም ወረቀቱ አልቀረም። አንዲት ሠራተኛ ያንኑ ነገር ሁለቴ ስትጽፍ ቤት ለቤት የምትዞርበት ሰዓት ይበላል። ሁለተኛ፣ ቁጥር ለግምገማ ብቻ ሲፈለግ ሰው ግምገማውን የሚያሳልፈውን ቁጥር ይጽፋል። ራሷ የምትጠቀምበትን ቁጥር ግን ማንም ሳይቆጣት በትክክል ትይዘዋለች።

ስለዚህ መረጃው ወደ ታች ይመለስ። የቀበሌው የሳምንት የወባ ቁጥር፣ የማንም ስም ሳይጠቀስ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በቀበሌው ሰሌዳ፣ በትምህርት ቤትና በቴሌግራም ቢለቀቅ ምን ይከብዳል? የቡና ዋጋ በስልካችን እየደረሰን የወባው ለምን ይቀራል?

እስከዚያው አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። ጤና ኬላ ስትሄዱ ግድግዳውን እዩ። ቻርቱ አለ? የዚህ ሳምንት ነጥብ ተደርጎበታል? ከሌለ በትሕትና ጠይቁ። ያ ነጥብ የእናንተው ደም ነው።