መጽሐፍ ጊዜው አልፎበታል ለምትሉ
“ኮዲንግ ከመጽሐፍ አይለመድም፣ ዩቲዩብ ግባ” እያላችሁ ተማሪዎቼን የምትመክሩ ጓደኞቼ፣ እስቲ አንዴ ስሙኝ።

ክረምቱን ፓይተን የተማርኩት ከአንድ የጀማሪ መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ እኔም እንደናንተ ቪዲዮ ነበር የማየው። ሰውየው ይጽፋል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ገባኝ! ላፕቶፑን ስከፍት ግን አንድ መስመር እንኳ ከራሴ አልወጣም።

መጽሐፉ አላባበለኝም። የተማሪ ሁለት ውጤት ተቀብሎ የሚደምር ፕሮግራም ጻፍኩ። 40 እና 45 አስገባሁ፤ 4045 አለኝ! ስቄ ሳልጨርስ ተናደድኩ። ሦስት ገጽ ወደ ኋላ ተመልሼ ሳነብ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ፦ ኢንፑት የተቀበለውን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ነው የሚይዘው፤ ወደ ቁጥር የምትቀይረው አንተ ነህ። ካልቀየርከው ጎን ለጎን ይለጥፍልሃል። ያቺ የተናደድኩባት አንድ ሰዓት ከአሥር ቪዲዮ በለጠችብኝ።

የዳታውንስ ነገር ረሳችሁት እንዴ? የአለን ዳውኒ “ቲንክ ፓይተን” ሁለተኛ እትም በነፃ በፒዲኤፍ አለ። አንዴ አውርዶ በፍላሽ ለክፍሉ በሙሉ ማዳረስ ይቻላል። ቪዲዮውን የሚጨርሰው ግን ፓኬጅ የሚገዛለት ልጅ ብቻ ነው። ምክራችሁ ለማን እንደሆነ አያችሁት?

እርግጥ ነው፣ ኮዱን በእጅ ሳይጽፉ ማንበብ ልብ ወለድ ማንበብ ነው። አሮጌ መጽሐፍም ያሳስታል። ፕሪንት ያለ ቅንፍ ተጽፎ ካያችሁ ፓይተን 2 ነው፤ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆሟል፣ ተዉት።

ፒዲኤፉን የምትፈልጉ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ቫይረስ ያለበት አልቀበልም፣ ከወዲሁ ተናግሬያለሁ 😀