ለልጅ የመጀመሪያ ጠመንጃ፦ ከጠመንጃው በፊት ቁልፉ

እስኪ ዛሬ ብዙ ቤት ውስጥ የማይወራውን እናውራ፡፡ አሜሪካ ያሉ የሐበሻ ልጆች ከስካውት ካምፕ ወይም ከፎር ኤች ክበብ ተመልሰው «ኢላማ ተኩስ ተማርን፤ የራሴን ጠመንጃ ግዙልኝ» ሲሉ ብዙውን ጊዜ ከሁለት መልስ አንዱ ነው የሚገጥማቸው፡፡ አንደኛው «በስመ አብ! ሁለተኛ እንዳልሰማ!» ነው፡፡ በሁለተኛው ደግሞ የአባትየው ደረት ነፋ ይላል፣ «የአያቱ ልጅ!» ይባላል፣ ቅዳሜ መደብር ተሂዶ ትልቁና ጥቁሩ ተሸክሞ ይመጣል፡፡ እኛ ሁለቱም አልተዋጡልንም፡፡

«እንዳልሰማ» የሚለውን ወላጅ አንነቅፍም፡፡ ቤቴ ጠመንጃ አይገባም ማለት ሙሉ መብት ነው፣ ምክንያቱም በቂ ነው፡፡ ችግሩ ወሬው እዚያው ላይ መቆሙ ነው፡፡ አሜሪካ ውስጥ ከሦስት አዋቂ አንዱ ገደማ መሣሪያ አለው፡፡ ልጃችሁ በእናንተ ቤት ባያየው በጓደኛው ቤት አልጋ ሥር ሊያገኘው ይችላል፡፡ «አትንካ፣ ውጣ፣ ለትልቅ ሰው ንገር» የሚለውን ከማን ሊሰማ ነው?

ደረቱ የሚነፋውም አባት ከሰማይ አልወረደም፡፡ እኛ ጠመንጃን በፉከራና በቀረርቶ የምናውቅ ሕዝብ ነን፡፡ ምንሽር፣ አልቤን፣ ውጅግራ እያልን በስም የምንጠራው፣ ግድግዳ ላይ ሰቅለን እንግዳ እንዲያየው የምንፈልገው የክብር ዕቃ ነው፡፡ የኢላማ ተኩስ ግን «ዘራፍ» የሚባልበት ቦታ አይደለም፡፡ እዚያ የሚሸለመው ዝም ያለ፣ ትንፋሹን የሰበሰበ፣ ተራውን የጠበቀ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ወርቅ የወሰደችው ደቡብ ኮሪያዊቷ ባን ህዮ ጂን የ16 ዓመት ልጅ ነበረች፡፡ እንግዲህ የሚፈለገው ጡንቻም ጀግንነትም አይደለም፤ እርጋታ ነው፡፡

የቱ ይሻላል?

ሰዉ ሁሉ ለጀማሪ የሚመክረው ነጥብ 22 የሚባለውን ነው፡፡ ሙሉ ስሙ ነጥብ 22 ሎንግ ራይፍል ይባላል፤ ስቲቨንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ1887 ያወጣው ጥይት ነው፡፡ «ሪምፋየር» የሚባለው የሚፈነዳው ቅመም ከቀለሁ መሐል ሳይሆን ከታች ዙሪያውን ባለው ጠርዝ ውስጥ ስላለ ነው፡፡ እርሳሱ ብዙውን ጊዜ 2.6 ግራም ገደማ ይመዝናል፡፡ ትከሻ አይመታም፣ ድምፁም ከሌሎቹ ያነሰ ነው፡፡ የኦሊምፒክ 50 ሜትር ተኳሾችም የሚተኩሱት ይህንኑ ነው፡፡ ለዚህ ነው ልጅን ሳያስደነግጥ የሚያስተምረው፡፡

ግን «ትንሽ ናት» ብላችሁ እንዳትሸወዱ፡፡ ይህቺ «ትንሽ» ጥይት ከአንድ ማይል በላይ ሄዳ ሰው ልትጎዳ ትችላለች፣ በቅርብ ደግሞ ትገድላለች፡፡ መጫወቻ የሚባል ጥይት የለም፡፡

መደብር ውስጥ ሻጩ መጀመሪያ ሊያሳያችሁ የሚችለው ሩገር 10/22 ነው፡፡ ከ1964 ጀምሮ የተሸጠ፣ አሥር ጥይት የሚይዝ፣ ምላጩ በተሳበ ቁጥር ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚያጎርስ ነው፡፡ ጥሩ ጠመንጃ ነው፤ ለመጀመሪያ ግን አይሆንም እንላለን፡፡ ምክንያቱም ቀላል ነው፡፡ ልጅ ኢላማውን ሲመታ ምን ያደርጋል? «መታሁት! መታሁት!» እያለ ወደ አባቱ ይዞራል፡፡ አፈሙዙም አብሮት ይዞራል፡፡ በዚያች ሰከንድ ውስጥ ሌላ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ይሻላችኋል ወይስ ባዶ ቀለህ የያዘ?

ስለዚህ የእኛ ምርጫ በእጅ የሚጎርስ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚይዝ ነው፡፡ ሳቬጅ ራስካል የሚባለው ክብደቱ 1.2 ኪሎ ገደማ ነው፤ ምላጩ ሳይሳብ ጥይቱን ማውጣት ይቻላል፡፡ በጀቱ ከፈቀደ ደግሞ ሲዜድ 457 ስካውት አለ፡፡ በአንድ ጥይት ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ ማስገቢያ አብሮት ይመጣል፤ ልጁ ሲበስል በካዝና መቀየር ይቻላል፡፡ ቀርፋፋ ነው? አዎ፣ ቀርፋፋነቱ ነው ጥቅሙ፡፡ በእያንዳንዱ ጥይት መካከል ልጁ ማሰቢያ ጊዜ ያገኛል፣ አጠገቡ የቆመው ትልቅ ሰውም ማየት ይችላል፡፡

ልኩን አትርሱ፡፡ የትልቅ ሰው ጠመንጃ ከሰደፉ ጫፍ እስከ ምላጩ 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የልጆቹ 29 ወይም 30 አካባቢ፡፡ «ያድግበታል» ብሎ ሰፊ ጫማ መግዛት ይቻል ይሆናል፤ ጠመንጃ ላይ ግን አይሠራም፡፡ ሰደፉ የረዘመበት ልጅ ወደ ኋላ ይንጋደዳል፣ አንገቱን ያጣምማል፣ አፈሙዙን መቆጣጠር ያቅተዋል፡፡ ልጁን ይዛችሁት ሂዱ፤ ትከሻው ላይ አድርጎ ይሞክረው፡፡

የጆሮ መከላከያና መነጽር ከጠመንጃው ጋር አብሮ ይገዛል፤ የነጥብ 22 ድምፅም ጆሮ ይጎዳል፡፡ እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው፣ በተለይ ለልጅ፡፡ ከተኩስ በኋላ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ሳንድዊች የለም፡፡

አሁን ወደ ዋናው

እስካሁን ያልነውን ሁሉ የሚያፈርስ አንድ ታሪክ አለ፡፡ በ2013 ኬንታኪ ውስጥ የአምስት ዓመት ልጅ የሁለት ዓመት እህቱን ተኩሶ ገደለ፡፡ ጠመንጃው ለልጆች ተብሎ የተሠራ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚይዝ፣ በስጦታ የተሰጠው ነጥብ 22 ነበር፡፡ ልብ በሉ፤ እኛ ከላይ የመከርነው ዓይነት ማለት ነው፡፡ ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፣ ውስጡ ጥይት መቅረቱን ወላጆቹ አላወቁም፡፡

ጠመንጃው ትንሽ መሆኑ ያቺን ሕፃን አላዳናትም፡፡ ሊያድናት የሚችለው ቁልፍ ነበር፡፡ ለዚህ ነው ምርጫው የሚጀምረው ከጠመንጃው መደርደሪያ ሳይሆን ከብረት ሳጥኑ ነው የምንለው፡፡ ጠመንጃው ተቆልፎ፣ ጥይቱ ለብቻው በሌላ ቦታ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ልጅ በማያውቀው ቦታ፡፡ ስሙ «የልጁ ጠመንጃ» ቢሆንም ቁልፉ የወላጅ ነው፡፡ ለሳጥኑ ገንዘብ ያልተረፈው ሰው ለጠመንጃውም ገንዘብ የለውም ማለት ነው፡፡ ግድግዳ ላይ መስቀልማ የአያቶቻችን ነገር ነው፤ እዚያው ይቅር፡፡

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ሰዎች፡፡ ከ1968 ጀምሮ በፌዴራሉ ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ 18 ዓመት ላልሞላው ጠመንጃ አይሸጥም፤ ገዢው ወላጅ ነው፡፡ ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ግን ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር አይችልም፡፡ «ለዘመዴ ልግዛለት» ብሎ ለተከለከለ ሰው በራስ ስም መግዛት ወንጀል ነው፡፡ ዜግነት ላላገኘ ሰው የመሣሪያ ወንጀል ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል፡፡ ስለ ልጆችና ስለ አቀማመጥ ያለው ሕግ ደግሞ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ ከመግዛት በፊት የራስን ስቴት ማየት ነው፡፡ አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ይህ ወግ አይመለከታችሁም፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ? አትቸኩሉ ነው የምንለው፡፡ ልጁ መጀመሪያ በክበቡ ጠመንጃ፣ በአሠልጣኝ ፊት አንድ ዓመት ይተኩስ፡፡ ወይም በአየር ጠመንጃ ይጀምር፡፡ አባትና እናትም አብረው ይማሩ፤ ከልጃቸው ያነሰ የሚያውቅ ወላጅ ሊቆጣጠር አይችልም፡፡ ከዓመት በኋላ ልጁ ሳይነገረው አፈሙዙን ወደ ታች የሚያዞር፣ ጣቱን ከምላጩ የሚያርቅ፣ «ባዶ ነው» ቢባልም ከፍቶ የሚያይ ከሆነ ያኔ እናውራ፡፡ ካልሆነም ልጁ ዕድሜ አለው፡፡

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል ያገራችን ሰው፡፡ ለጠመንጃም ያው ነው፡፡